ከምህንድስና ሦስት ኮርስ ሲቀረኝ ወጥቼ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ ተመልሼ ልጨርስ?

ፌሮ ቆጣሪ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጉዳይ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ አሁን የራሴን ላቀርብ ነው። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

በ2006 ዓ.ም. ሲቪል ምህንድስና ገባሁ። አምስት ዓመት ስለሆነ በ2010 ሰኔ መመረቅ ነበረብኝ። የሦስተኛ ዓመቱን ሆሊስቲክ ፈተና (እስከዚያ የተማርነውን የሚያጠቃልለውን) አልፌ፣ የአራተኛ ዓመቱን ኢንተርንሺፕ መንገድ ሥራ ላይ ጨርሼ፣ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ደርሼ ነበር። ሚያዝያ ላይ አባቴ አረፈ። ስልክ ተደውሎልኝ የለበስኩትን ለብሼ ከግቢ ወጣሁ፤ ብርድ ልብሴና መጻሕፍቴ ዶርም ቀሩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ። ከአርባው በኋላ ደግሞ እናቴና ሁለት ታናናሾቼ ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ መጣ። የመውጫ ቅጽ አልሞላሁም፣ ክሊራንስ አላደረግኩም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴና ሁለት ኮርሶች ኤንጂ፣ ማለትም ውጤት ያልተሰጠባቸው ሆነው ቀሩ። በዓመቱ አንድ ጓደኛዬ ደውሎ ኤንጂው ሁሉ ወደ ኤፍ መቀየሩን ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢን ነገር ማንሣት ተውኩ።

አሁን 29 ዓመቴ ነው። ከ2011 ጀምሮ ሕንፃ ሥራ ላይ ነኝ። ብረት በመቁጠር ጀምሬ ዛሬ የምሠራው የቢሮ መሐንዲስ ሥራ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤዬ ግን እንደዚያ አይልም። ቴክኦፍ ሺት (የሥራ መጠን መለኪያ ቅጽ) እሠራለሁ፣ የብረት ስኬጁል አወጣለሁ፣ በየወሩ የክፍያ ሰርተፊኬቱን አዘጋጃለሁ። ፊርማው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አንሥቼ ከጎኔ ወዳለው ጠረጴዛ እወስደዋለሁ። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ በ2015 የተመረቀ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ አይተኸዋል አይደል?» ይለኛል፤ «አይቼዋለሁ» እለዋለሁ፤ ይፈርማል። ደመወዙ የእኔን እጥፍ ነው። በእሱ ቅር የምሰኝበት ምንም ነገር የለም።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የታናሽ እህቴ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፎቶው አጠገብ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። በ2010 የካቲት እናቴ ለእኔ ብላ ያስመታችው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። ሁለቱንም ጊዜ ቀለም ቀቢው ሊነቅለው ሲል «እሱን ተወው» ብላዋለች። እኔን ግን አንድም ቀን ስለ ትምህርቴ ጠይቃኝ አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ይቀበሉኛል ወይ? ቢቀበሉኝስ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር ወንበር ላይ መቀመጥ ይሆንልኛል? በ2014 አንድ ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ጥበቃው «መታወቂያ» ሲለኝ መልስ አጥቼ ተመለስኩ።


የቀድሞ ሬጅስትራር
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ፦ ፋይልህ አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤትህ፣ ስትገባ የሞላኸው ቅጽ፣ ጉርድ ፎቶግራፍህ፣ የየሴሚስተሩ የምዝገባ ወረቀትህ በአንድ ፎልደር ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ፎልደር አቧራውን አራግፈን ያወጣንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ግን ወደ መስኮቱ የሚመጡት ወንጀል እንደ ሠራ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።

ወደ ሥራው ልግባ። ደንቡ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የግቢህን የሴኔት ሕግ አስፈልገህ አንብብ፤ ትምህርት ለመጨረስ የተቀመጠ የጊዜ ጣሪያ ካለ መጀመሪያ እሱን እይ። ቀጥሎ ስቱደንት ኮፒህን፣ ማለትም የውጤት ማስረጃህን አውጣ። የቀረህን ኮርስ በትዝታ አትቁጠር። ሦስት ብሎ የመጣ ሰው አምስት ሲያገኝ አይቻለሁ፤ የረሳው የአንደኛ ዓመት ኤፍ ይኖራል፣ ወይም ኤፉ ሲጨመር አጠቃላይ ነጥቡ ከ2.00 በታች ወርዶ ይጠብቀዋል።

ከዚያ የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ ለትምህርት ክፍሉ ታስገባለህ። ያለ ክሊራንስ ስለ ወጣህ ጉዳይህ ወደ አካዳሚክ ኮሚሽን ሊሄድ ይችላል። እዚያ የሚሠራልህ ማስረጃ ነው። የአባትህን የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት አውጣ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህንም አያይዝ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ መቼ ወጣህ፣ ለምን ወጣህ፣ አሁን ምን ትጠይቃለህ፤ በቃ። ኮሚሽኑ በአንድ ስብሰባ የብዙ ተማሪ ጉዳይ ስለሚያይ ነገሩን በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ማግኘት አለበት።

ሌላው ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። አንተ ከወጣህ በኋላ የኮርስ ስምና ኮድ ተቀይሯል፤ አንዳንዱም ተጨፍልቋል። የትምህርት ክፍሉ «ይህ የቀድሞው በዚህ በአሁኑ ይተካል» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍልህ ቀድመህ ጠይቅ። ይህ ደብዳቤ ሳይኖር ተምሮ፣ በምረቃ ማጣሪያ ጊዜ የተሰናከለ ተማሪ አውቃለሁ። ዶርምና ካፌ ላይፈቀድልህ፣ የምትደግመውንም በራስህ ወጪ ልትባል ስለምትችል ለዚያም ተዘጋጅ።

በ2006 ብትገባም የመውጫ ፈተናው አይቀርልህም። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ ይፈተናል፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። የወጪ መጋራት ውልህም ፋይልህ ውስጥ አለ፤ እሱ ሳይጠናቀቅ የዲግሪህን ኦሪጅናል አትወስድም።

ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጻፈው። ማመልከቻ የሚታየው ከምዝገባ በፊት ነው።


የቀበና ልጅ
መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ የተለየ አስተያየት አለኝ፤ በቅንነት ነው የምጽፈው። በ2009 በሜካኒካል በጊዜዬ ተመርቄአለሁ። ጋውን ለብሻለሁ፣ እናቴ እልል ብላለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜአለሁ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ ደግሞ ከየት ይመጣል? ዛሬ የምኖረው ከአጎቴ ጋር በከፈትነው የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ነው። ዲግሪህን አሳየን ያለኝ ደንበኛ የለም።

አንተ እኔ በ2009 ባገኘው ብዬ የምመኘውን የስድስት ዓመት ልምድ ይዘሃል። አሁን ቤተሰብ የምታስተዳድርበትን ገቢ አጉድለህ፣ ለትራንስፖርትና ለክፍያ አውጥተህ፣ ለአንድ ዓመት ከዚያም ለፈተና ጥናት ደክመህ የምታገኘው ወረቀት ገበያው እንደ ድሮው አያከብረውም። በዚያ ጊዜና ገንዘብ የብረት ሥራውን በንዑስ ተቋራጭነት ራስህ ያዝ። ሁለት ጎበዝ ብረት አሳሪ ካለህ መጀመር ትችላለህ። እናትህን የሚያስደስታት የአንተ መቆም ይመስለኛል።


ፌሮ ቆጣሪ
መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቀድሞ ሬጅስትራር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍህን በወረቀት ገልብጬ ኪሴ አስገብቼዋለሁ።

የቀበና ልጅ፣ ያልከውን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ ከገንዘብ አንጻር ልክ ልትሆን ትችላለህ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት የአራተኛ ወለል ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ሊሞላ ሚክሰሩ እየዞረ፣ ሠራተኛው ባሬላውን ይዞ ተሰልፎ፣ የበረንዳውን ብረት ልቆጥር ወጣሁ። በረንዳው ካንቲሊቨር ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተያዘ። እንደዚያ ዓይነት በረንዳ ላይ ዋናው ብረት መተኛት ያለበት ከላይ በኩል ነው፣ የሚሳበው እዚያ ስለሆነ። የታሰረው ግን ከታች ነበር። ፎርሙ ሲነሣ አብሮ የሚወርድ በረንዳ ማለት ነው። ሙሌቱ ይቁም አልኩ። ፎርማኑ «አንተ ማን ነህ?» አለኝ። ሊሰድበኝ አልነበረም፤ ሙሌት የማስቆም ሥልጣን ያለው መሐንዲሱ ስለሆነ የምር ጠየቀኝ። መሐንዲሱ ከሌላ ሳይት እስኪመጣ 40 ደቂቃ ከብረቱ ላይ አልወርድም ብዬ ቆምኩ። መጣ፣ አየ፣ ብረቱ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ቀን እኔም ልዘገይ ወይም ልፈራ፣ ቃሌንም የሚሰማ ሰው ልጣ እችላለሁ። ይህንን ነገር የጻፍኩላችሁ ከዚያ ቀን በኋላ ነው።


የ1965 ተማሪ
መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ስለ መዘግየት ከሆነ እኔም የምለው አለኝ።

በ1965 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገባሁ። በእኛ ዘመን ተማሪ ከዲግሪው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ሄዶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር፣ አብዛኛውም ሰው በመምህርነት ይመደባል። ስለዚህ የአራት ዓመቱ ትምህርት ከመነሻው አምስት ነበር። እኔ እዚያም ሳልደርስ አብዮቱ መጣ። በ1967 ታኅሣሥ «ዕድገት በኅብረት» ተብሎ ወደ 60,000 የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመትን። እኔ ሲዳሞ ደረሰኝ። ካኪ ለብሼ ፊደል አስቆጠርኩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጁ ሲወጣ የገበሬ ማኅበር ለማደራጀት ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ ዞርኩ። ስንመለስ ዩኒቨርሲቲው ስሙ ተለውጦ ጠበቀን። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣ፤ ታሰርኩ። ከእኔ ጋር በአንድ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ይሠሩ ከነበሩት አራት ልጆች ሁለቱ መቃብራቸው እንኳን አይታወቅም።

ስፈታ የሚቀበለኝ የሥራ ቦታ ማግኘት ራሱ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዳስተምር ተፈቀደልኝ። ቀን እያስተማርኩ ማታ በኤክስቴንሽን ገባሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከጎኔ የተቀመጠውን ወጣት አየሁት፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። «ተቀመጥ፣ ዛሬ ሁለታችንም ተማሪዎች ነን» አልኩት። የቀረሁበትን የካልኩለስ ማስታወሻ የሰጠኝ እሱ ነው። በ1979 ተመረቅን፤ እሱ በጊዜው፣ እኔ በ14 ዓመቴ። 33 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት አስተማርኩ።

የሃያ ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ ይሆንልኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ማን አጠገብህ እንደተቀመጠ ሳይሆን ፈተናው መቼ እንደሆነ ነው የምታስበው።


ሰላም (መቀሌ)
መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ በ2010 ፋርማሲ ገባሁ፤ አምስት ዓመት ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተበተንን። ልንመለስ ስንዘጋጅ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ከዚያ ትምህርት ቀርቶ ባንክም ስልክም የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወሻ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ከቤት ወደ ቤት ይዤው ዞርኩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላም ክፍል እስክንገባ ወራት ወስዷል። ስንመለስ የቤተ ሙከራው መሣሪያ የለም፣ ከክፍላችን የቀሩ ልጆች አሉ፤ ስለ እነሱ እዚህ መጻፍ አልችልም። የመድኃኒት መጠን ስሌት ከእጄ ጠፍቶ ስለነበር ከሁለተኛ ዓመት ጀምሬ እንደገና አነበብኩ።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። እኛ የዘገየነው ሁላችንም አንድ ላይ ነው። ጎረቤት «ለምን አልተመረቅሽም?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ የተነሣ አንዳችንም አላፈርንም። አንተ ግን የአባትህን ሞት ብቻህን ተሸክመህ፣ ምክንያትህን ማንም ሳያውቅልህ ስድስት ዓመት ቆየህ። ሦስት ኮርስ ለመጨረስ ስድስት ዓመት አይፈልግም፤ ይህን ያህል ያቆየህ ማፈሩ ይመስለኛል። ለእናትህ ነግረሃታል?


የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአገር ውጭ ያለነውንም ስሙን። በዲቪ መጥቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ ነርሲንግ በሁለት ዓመት ይታለቃል ብለውኝ ነበር። ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛ ብቻ፤ ከዚያ ሥራው። ማታ አራት ሰዓት የአረጋውያን መጦሪያ ገብቼ ጠዋት ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፤ ሁለት ተኩል ላይ አናቶሚ ክፍል እቀመጣለሁ። የአጥንቶችን ስም መኪና ውስጥ በድምፄ ቀድቼ አውራ ጎዳና ላይ እሰማ ነበር። በሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ ከያዝኩ የቤት ኪራይ አይሞላም፣ ለአገር ቤትም አይላክም።

እዚህም ቢሆን ጊዜው ጣሪያ አለው። የመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚሰጠው ትምህርቱ ከሚጠይቀው ክሬዲት አንድ ተኩል እጥፍ እስኪሞላ ነው፤ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ደግሞ በሙሉ ጊዜ ሲቆጠር ከ12 ሴሚስተር አያልፍም። ጀምሮ መጣል እየቆጠረ ይሄዳል። ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ብዙዎቻችን በከንቱ ክሬዲት አባክነናል፤ አዲስ የመጣችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉ።

አንድ ያጽናናኝ ነገር ግን አለ። በዚህ አገር ኮሌጆች የአራት ዓመት ትምህርት የምረቃ መጠናቸውን የሚያሳውቁት በስድስት ዓመት ቆጥረው ነው። መቆጠሪያው ራሱ ሰው እንደሚዘገይ አስቦ ነው የተሠራው። እኛ ጋ ግን «ከባቹ (አብረውት ከገቡት) ጋር አልወጣም» ከተባለ ሰውየው ራሱ እንደ ወደቀ ይታያል።

ወንድሜ ፌሮ ቆጣሪ፣ ጨርስ። የእኔን ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ መጀመሪያ የፈረምኩት የአንዲት አሮጊት የደም ግፊት ነበር። 138 በ84። እስከ ዛሬ አልረሳውም።


መምህርት (ጎጃም)
መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የክረምት ተማሪዎችን ማንም አላነሣንም። በ1996 በሰርተፊኬት ማስተማር ጀመርኩ። ዲፕሎማውን በክረምት፣ ዲግሪውንም በክረምት። ሐምሌና ነሐሴ፣ ሰው ሁሉ በሚያርፍበትና ገበሬው አረም ላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ እኛ ፍራሽ ተሸክመን ግቢ እንገባለን። የሁለተኛ ልጄን የጡት ዕድሜ ያሳለፍኩት እዚያ ነው፤ ሞግዚት ይዤ፣ ከግቢው አጥር ውጭ ቤት ተከራይቼ፣ በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ አጠባ ነበር። አንድ ክረምት ባለቤቴ ታሞ ቀረሁ፤ የቀረ ክረምት የሚካካሰው በሌላ ክረምት ነው። በ2015 ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርቱ ሳያልቅ ወደየቤታችን ተመለስን። አሁን የቀረኝ አንድ ክረምትና የመውጫ ፈተናው ነው።

ስለዚህ አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የት ነው የቆምከው የሚለውን ለእናትህ ንገራት። ያ ሚስማር ላይ ስድስት ዓመት ዝም ያለች እናት ሁሉንም ታውቃለች።


የቀበና ልጅ
መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የበረንዳውን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬአለሁ። ዲግሪ ለገበያ ያለውን ዋጋ በተመለከተ ግን አልቀየርኩም፤ ሥራህን እንዳትለቅ። አለቃህን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲፈቅድልህ ጠይቀው። ያንተን ያህል ብረት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ እንደማያገኝ እሱም ያውቃል።


ፌሮ ቆጣሪ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄድኩ። ግቢው ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው «መታወቂያ» ሲለኝ የነዋሪነት መታወቂያዬን ሰጥቼ «የቀድሞ ተማሪ ነኝ፣ ሬጅስትራር ነው የምሄደው» አልኩት። «ግባ» አለኝ። በ2014 ያስመለሰኝ ይህ ነበር።

ሬጅስትራር ያለችው ሴት ስሜንና የመለያ ቁጥሬን ጽፋ ወደ ውስጥ ገባች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ፎልደሩን ይዛ ወጣች። ከላይ ፎቶዬ ተስፒሏል፤ 18 ዓመቴ ነው፣ የአባቴን ኮት ለብሻለሁ፣ ትከሻው ሰፍቶኛል። ፎቶውን አይታ እኔን አየችና «ወፍረሃል» አለችኝ። እዚያው መስኮቱ ላይ ዕንባዬ መጣ። ወረቀት ሰጠችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

የቀድሞ ሬጅስትራር፣ እንዳልከው ሆነ። የቀረኝ ሦስት ሳይሆን አራት ነው፤ የሁለተኛ ዓመት አንድ ኮርስ ኤፍኤክስ፣ ማለትም ማለፊያ ያልደረሰ ውጤት ሆኖ ሳልደግመው ቀርቷል። ፈጽሞ አላስታወስኩትም። አጠቃላይ ነጥቤ ግን 2.41 ላይ ቆሟል። ዶርም የተውኩት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ጠፍቶ ስለነበር ዋጋውን ከፈልኩ። ማመልከቻዬ አንድ ገጽ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንብቦ ለአካዳሚክ ኮሚሽን አቀርበዋለሁ አለኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ከመሄዴ በፊት ባለው ማታ ነው። ቡና እያፈላች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኤንጂውን፣ ኤፉን፣ ከበሩ የተመለስኩትን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነሣ ዳቦው ተጋግሮ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር።


የ1965 ተማሪ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጎበዝ ልጄ። የአባትህን ኮት የለበስክበትን ፎቶ ቅጂ ጠይቃቸው፤ ይሰጡሃል።


ፌሮ ቆጣሪ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ኮሚሽኑ ተቀብሎኛል። ዶርምና ካፌ የለም፣ የሚደገሙትን ኮርሶች በክሬዲት እከፍላለሁ። የመተኪያ ደብዳቤውን ከምዝገባ በፊት አስጽፌአለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሯል። ማክሰኞና ሐሙስ ግቢ ነኝ፣ ሌላውን ቀን ሳይት። አለቃዬ ቅዳሜን ሙሉ ቀን እንድሠራ አድርጎ ፈቀደልኝ፤ ደመወዜ በትንሹ ቀንሷል።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ከፊት የነበሩት ልጆች መምህር መስያቸው ጫጫታቸውን አቆሙ። ሄጄ ከኋላ ስቀመጥ ዞረው አዩኝ። ሁለት ሳምንት ከብዶኛል። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ የመሠረት ዲዛይን ሲያስተምር አንዷ ልጅ ዞራ «ይህ ብረት በእውነት ሳይት ላይ እንዴት ነው የሚታሰረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሯ ላይ ሣልኩላት። አሁን ከክፍል በኋላ አምስት ስድስት ሆነው ይቆያሉ፤ እኔ ሳይቱን አስረዳለሁ፣ እነሱ የረሳሁትን ስሌት ያሳዩኛል። ኢንቲግሬሽን ከእጄ ጠፍቷል፣ እንደ አዲስ ነው የያዝኩት። የፕሮጀክት አማካሪዬ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ «አንቱ» ሊለኝ ፈልጎ ተቸግሮ ነበር፣ «አንተ በለኝ» ብዬዋለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ የመውጫ ፈተናው ነው። የሃይድሮሊክስና የመንገድ ምህንድስና ኮርሶቼን ከተማርኩ ዘጠኝና ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ማስታወሻዬ ሁሉ ዶርም ቀርቷል። በሲቪል ለፈተናው የተዘጋጀ ሞጁል ወይም ጥሩ ማስታወሻ ያለው ሰው ካለ ኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ።


የቀበና ልጅ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ በ2016 በሲቪል ተፈትኖ አልፏል። ሞጁሎቹ፣ በእጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎችና የሞዴል ጥያቄዎቹ በካርቶን ሱቃችን ውስጥ ናቸው። መመለስ አያስፈልግህም። ቀበና ድልድዩን ሳትሻገር በስተግራ፣ በረንዳው ላይ የአሉሚኒየም ፍሬም የተደረደረበት ነው።


ፌሮ ቆጣሪ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነገ ከሥራ በኋላ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ።